«ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው?» ሲሉኝ «አይደለም» አልኩ

የሐኪም ቤቱ ተቀባይ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል ነው የጠየቀችኝ። «ሥራ ላይ ነው የተጎዳኸው?» ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጥሮታል። የባለቤቴን ትከሻ ተደግፌ ነው የቆምኩት። «አይደለም» አልኳት። አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ያቺ ምልክት ከአምስት ወር በኋላ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳን የሚወስነው ኮሚሽን ፊት ተነበበችብኝ።

አልዋሸኋትም። ለእኔ ሥራ ማለት ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ተቀብዬ የማቆመው ነው። ደሞዝ የሚከፈለኝ እዚያ ነዋ። የተጎዳሁት ግን ቅዳሜ ሌሊት እሳት ለማጥፋት ወጥቼ ነው፣ በነፃ፣ ቮለንቲር ፋየርፋይተር ሆኜ። በነፃ የሚደረግ ነገር ሥራ ይባላል ብዬ አላሰብኩም። ሕጉ ግን ሥራ ነው ይላል። ይህን ባለማወቄ ብዙ ዋጋ ከፍያለሁ፤ እናንተም እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ዲሲ አጠገብ። ካውንቲውንም ጣቢያውንም አልጠራም፣ ዛሬም አብሬያቸው ነኝ። ቮለንቲር የሆንኩት በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እኛ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ እሳት ተነሳ። አንዲት እናት ደረጃው ላይ ቆማ በአማርኛ ትጮሃለች። ፋየርፋይተሮቹ ውስጥ ሰው አለ ወይ ይሏታል፣ አትሰማቸውም። እኔ ነኝ ሮጬ ያስተረጎምኩት። ልጇ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር፤ አወጡት። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እዚያ ልብስ ውስጥ አማርኛ የሚችል ሰው ቢኖርስ እያልኩ። በሁለተኛው ወር ማመልከቻ አስገባሁ። ሥልጠናውን የሚሰጠው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋየር ኤንድ ሬስኪዩ ኢንስቲትዩት ነው፣ ለቮለንቲር በነፃ። አሜሪካ ውስጥ ካሉት የእሳት አደጋ ሰራተኞች ከግማሽ በላዩ እንደኔ ያለ ክፍያ የሚሰራ ነው፤ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

ወደ አደጋው ልምጣ። ፌብሩዋሪ 2022፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። የተያያዙ ቤቶች ናቸው፣ እሳቱ ከአንደኛው ቤዝመንት ነው የተነሳው። ከውጭ በኩል ወደ ቤዝመንት የሚያስወርድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ከእኛ በፊት የደረሱት የረጩት ውሃ ደረጃው ላይ በረዶ ሆኗል። ልብሱ ከነአየር ሲሊንደሩ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ውሃ የሞላውን ጎማ፣ የእሳት ማጥፊያውን ቱቦ ማለቴ ነው፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወርድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀኝ እግሬ ተንሸራተተ። እግሬ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ገላዬ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ነገር ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምለው፣ ሕመሙ ቆይቶ ነው የመጣው።

ከወጣን በኋላ የቡድናችን አለቃ መጥቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። ምን እንዳልኩት ትገምታላችሁ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አይደለም።» ሰው ቤቱ እየተቃጠለበት፣ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መንገድ ላይ ቆሞ፣ እኔ ጉልበቴን አመመኝ ልበል? ያደግንበት ነገር ነው፤ ታመን እንኳን እንዴት ነህ ሲሉን «ተመስገን» ነው የምንለው። አለቃውም የሰማውን ጻፈ፦ የተጎዳ ሰው የለም።

ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሏል። እሑድ በረዶ ይዤበት ዋልኩ። ሰኞ ሥራ ገባሁ። ቫሌት የሚሰራ ያውቀዋል፣ ሥራው ሩጫ ነው። እንግዳው ቲኬቱን ይሰጥሃል፣ አንተ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ሮጠህ መኪናውን ታመጣለህ። ሰኞና ማክሰኞ የሕመም ማስታገሻ እየዋጥኩ ሰራሁ። ረቡዕ ደረጃው ላይ እግሬ ታጠፈብኝና የሰው መኪና ቁልፍ እጄ ላይ እንዳለ ወደቅኩ። ባለቤቴ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ ያን ቀን ነው፣ ያቺ ልጅ የጠየቀችኝም ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ራሱ ሲገባ ነገሩን በዝርዝር ነገርኩት። እሳት፣ ደረጃ፣ በረዶ። እሱ ጻፈው። ይህ ነገር ኋላ አተረፈኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ ስትገቡ፣ አምስት ደቂቃም ቢሆን ወስዳችሁ የት፣ መቼ፣ ምን ስትሰሩ እንደተጎዳችሁ ንገሩና «እባክህ ጻፈው» በሉ። ፊት ጠረጴዛ ላይ የምትጠይቃችሁንም «አዎ፣ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሥራ ላይ ነው» በሏት። ሳጥኗ ሁለት ምርጫ ብቻ ቢኖራትም «አዎ» የሚለው ነው የእናንተ።

ያን ማታ ለጣቢያው አለቃዬ ደወልኩ። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ደነገጠ። በማግስቱ በጽሑፍ ሪፖርት አደረግን። ሜሪላንድ ውስጥ ለደረሰ ድንገተኛ ጉዳት ለአሰሪው ማሳወቂያው 10 ቀን ነው። እኔ በአምስተኛው ቀን ደረስኩ። በአፍ መንገር ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ቢያንስ ቴክስት ላኩ እላለሁ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። አለቃዬ ሪፖርቱን ሲሞላ አየሁት። ፊርማዬን አስቀመጥኩ። ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ አስገባሁ ብዬ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ያ ወረቀት ግን የአሰሪው ሪፖርት ነው፣ የእኔ ክሌም አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። አሰሪው ለራሱ ኢንሹራንስ ያሳውቃል። የተጎዳው ሰው ደግሞ ራሱ ለሜሪላንድ ወርከርስ ኮምፔንሴሽን ኮሚሽን ማመልከት አለበት፣ በ60 ቀን ውስጥ። 60ው ካለፈ ለኢንሹራንሱ መከራከሪያ ይሆነዋል፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሰባት ሳምንት ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘ። የሆቴሉ የጤና ኢንሹራንስ የሐኪሙን ጽሑፍ አየና «ይህ የሥራ ላይ ጉዳት ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለ። የጣቢያው ኢንሹራንስ ጋ ስደውል ደግሞ የተከፈተ ክሌም የለህም አለኝ። ሁለቱም እየገፉ እኔ መሃል ቀረሁ። ጉልበቴን ግን ማንም አላየውም።

ያዳነኝ ጣቢያችን ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ቮለንቲር ሆኖ ሰርቷል፣ አሁን ወጥ ቤቱን ነው የሚጠብቀው። ክራንቼን ይዤ ቡና ልጠጣ ስገባ «የክሌም ቁጥርህ ስንት ነው?» አለኝ። አለቃዬ አስገብቶልኛል አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «የእሱ ወረቀት የእሱ ነው። የአንተ የታለ?» እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጦኝ በኦንላይን ቅጹን አብረን ሞላን። ስንቆጥረው 53ኛው ቀን ነበር።

ቅጹ ከባድ አይደለም። አሰሪ የሚለው ቦታ ላይ ግን የሆቴሉን ፓርኪንግ ልጽፍ ስል ሽማግሌው እጄን ያዘኝ። አሰሪ ማለት በዚህ ጉዳይ ሆቴሉ አይደለም። የእሳት አደጋ ጣቢያው ወይም ካውንቲው ነው። የሜሪላንድ ሕግ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አባላትን እንደ ሰራተኛ የሚቆጥረው ካውንቲዎቹን በስም እየጠራ ነው፣ ስለዚህ የአንዱ ካውንቲ አሠራር ከሌላው ሊለይ ይችላል። እናንተ ገና ስትመዘገቡ፣ ጤነኛ ሳላችሁ፣ «ብጎዳ አሰሪዬ ተብሎ የሚጻፈው ማነው? ኢንሹራንሱስ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም።

ክሌሙ ከገባ በኋላ ኮሚሽኑ ደብዳቤ ይልካል። እዚያ ላይ አንድ ቀን ተጽፏል፣ ኢንሹራንሱ እስከዚያ ቀን ካልተቃወመ ኮሚሽኑ ውሳኔ ይሰጣል። የእኔ ኢንሹራንስ ተቃወመ። ሁለት ነገር ነው ያነሳው። አንደኛ፣ ይህ ሰው ያን ሌሊት «ምንም አይደለም» ብሏል፣ ሐኪም ቤትም «ሥራ ላይ አይደለም» ብሏል አለ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ጉዳቱ የሥራ ላይ ነው ቢባል እንኳ ቮለንቲር ደሞዝ ስለሌለው የሚገባው ዝቅተኛው ክፍያ ነው አለ። ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሳምንት 50 ዶላር።

ያን ደብዳቤ ኩሽና ቆሜ ነው ያነበብኩት። 50 ዶላር። ባለቤቴ «5 መቶ ይሆናል፣ እስቲ እንደገና እየው» አለችኝ። ደጋግመን አየነው። ኪራዩ አለ፣ የልጆቹ መዋያ አለ። ሆቴሉ ለሕመም ፈቃድ 12 ሳምንት ቦታዬን እንደሚጠብቅ ነግሮኛል፣ ያለ ክፍያ። ባለቤቴ ሁለት ሽፍት መስራት ጀምራለች። የዚያን ወር እቁብ የደረሳት ጎረቤታችን ዕጣዋን ለቀቀችልን። አሁንም ስጽፈው አይኔ እንባ ያቀርራል።

ግን 50 ዶላሩ ስህተት ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ከጻፍኩት ሁሉ ዋናው ይህ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ለበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሰራተኛ የሳምንት አማካይ ገቢ የሚሰላበት የራሱ አንቀጽ አለው። ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ደሞዝ የሚያገኝ ከሆነ፣ ካሳው የሚሰላው በዚያ ደሞዝ ነው። ተቀጥሮ ሳይሆን የራሱን ንግድ የሚሰራ ከሆነ፣ ከንግዱ በሚያገኘው የሳምንት ገቢ ነው። ሁለቱም ከሌለው ነው ዝቅተኛው የሚመጣው። ማለትም ቮለንቲርነቱ በነፃ ቢሆንም፣ አካልህ ሲጎዳ የሚቀርብህ የቀን ሥራህ ነው፣ ሕጉም እሱን ነው የሚያየው።

ይህን ያሳየኝ ጠበቃዬ ነው። ጠበቃ መያዝ ፈርቼ ነበር፣ ገንዘብ የለኝማ። ለካ በዚህ ጉዳይ ጠበቃ ቀድሞ አይቀበልም። ክፍያውን ኮሚሽኑ ካላጸደቀለት አንድ ሳንቲም መውሰድ አይችልም፣ ሲጸድቅለትም ከሚፈረድልህ ላይ ነው የሚቆረጠው። የመጀመሪያ ምክክር በነፃ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ስትጠይቁ አንድ ነገር ጨምሩ፦ «ከዚህ በፊት የቮለንቲር ፋየርፋይተር ክሌም ይዘህ ታውቃለህ?» እኔ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ጠበቃ ስለ መኪና አደጋ ብቻ ነበር የሚያወራኝ። ሁለተኛው ግን አፌን ሳልከፍት «የቀን ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። እሱን ያዝኩ።

ገቢው የሚሰላው ከአደጋው በፊት ያሉት 14 ሳምንታት ተደምረው ነው። የ14 ሳምንት ፔይ ስታብ፣ የደሞዝ ወረቀት ማለት ነው፣ አምጣ አለኝ። እኔ በሳምንት ከደሞዙ 780 ዶላር ነበር የማገኘው። ቫሌት ግን የሚኖረው በቲፕ ነው። ሕጉ ቲፕን ገቢ አድርጎ ይቆጥራል፤ አሰሪ የሚሰጠውን መኖሪያና ምግብ እንኳ ግምቱን ይጨምራል። ችግሩ ቲፕህን ማስረዳት አለብህ። እዚህ ላይ እግዜር ይስጠው ታክስ የሚሰራልን ሰው። ጋሼ እንለዋለን። ቫሌት ስጀምር ጀምሮ «ቲፕህን በየቀኑ ጻፍ፣ ለአሰሪህም አሳውቅ፣ ዛሬ የደበቅከው ነገ ስትታመም ይጎድልብሃል» እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። ታክሱ ሲቆረጥ እየከፋኝም ቢሆን እጽፍ ነበር። 14ቱ ሳምንት ፔይ ስታቡ ላይ ቲፑ አለ፣ በአማካይ 240 ዶላር። 780 እና 240 ሲደመር 1,020።

ጊዜያዊ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚባለው ክፍያ፣ ማለትም ጭራሽ መስራት ለማትችልበት ጊዜ የሚከፈለው፣ የአማካይ ገቢህ ሁለት ሦስተኛ ነው። ጣራ አለው፣ የግዛቱ የሳምንት አማካይ ደሞዝ ነው ጣራው፣ እኛ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አንደርስም። የ1,020 ሁለት ሦስተኛ 680 ነው። ቲፑ ባይኖር የ780 ይሆንና 520 ይሆን ነበር። በየሳምንቱ 160 ዶላር ልዩነት፣ በጽሕፈት ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይከፈሉም፤ ከሥራ የቀረኸው ከ14 ቀን በላይ ከሆነ ግን እነሱም ይከፈላሉ። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የፌደራል የገቢ ግብር አይቆረጥበትም። ስለዚህ 680ው ሙሉ እጅ ላይ ይገባል።

ጁላይ ላይ ኮሚሽኑ ፊት ቀረብኩ። ፍርድ ቤት ይመስላል ግን ዳኛው አንድ ኮሚሽነር ብቻ ነው፣ ጁሪ የለም። ምለህ ትመሰክራለህ፣ ይቀዳል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አስተርጓሚ መጠየቅን በተመለከተ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም። ከእንግዳ ጋር አወራበታለሁ፣ ፋየር ሬዲዮ ላይም እናገርበታለሁ። ጠበቃዬ ግን አስቀድሞ ለኮሚሽኑ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቀልኝ። አያስፈልገኝም ብዬ ተከራከርኩት። «ሬዲዮ ላይ የምትለውን ቃል ሠልጥነህበታል፣ ሕመምህን ግን በእንግሊዝኛ አልሠለጠንክበትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሐኪሞቹ ሁሉ ጉልበቴ ደካማ ነው እያልኩ ነበር በእንግሊዝኛ። እነሱም ድክመት ብለው ጻፉ። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ያን ይዞ «ድክመት ማንም ሰው አለበት» አለ። ኮሚሽነሯ ደረጃ ስትወርድ ምን ይሰማሃል ብላ ስትጠይቀኝ በአማርኛ መለስኩ። «ጉልበቴ ይከዳኛል።» አስተርጓሚዋ እህታችን ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳልጠብቀው፣ ሳያስጠነቅቀኝ ይታጠፋል፣ አይሸከመኝም ብላ አስቀመጠችው። ኮሚሽነሯ ብዕሯን አንስታ ጻፈች። አምስት ወር ሙሉ ያልገባቸው ነገር በአንድ ቃል ገባ።

ስለ ሳጥኗም ተጠየቅኩ። «ሥራ ላይ አይደለም ያልከው ለምንድን ነው?» እውነቱን ተናገርኩ። ደሞዝ የማይከፈልበት ሥራ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር አልኩ። ሐኪሙ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ታች ላይ፣ እሳት ማጥፋት ላይ በረዷማ ደረጃ ብሎ የጻፈው ተነበበ። አለቃዬም መጥቶ መሰከረ። ያን ሌሊት «ደህና ነኝ» ማለቴን አልካደም፣ ግን ስራመድ ሳነክስ አይቶኝ እንደነበር ተናገረ። ሌላ የተለየ ነገር የለም።

ውሳኔው በፖስታ መጣ። ጉዳቱ የሥራ ላይ ነው፣ አማካይ ገቢው 1,020 ነው፣ ሕክምናው ይከፈል። ያለፈው 20 ሳምንት ተጠራቅሞ 13,600 ዶላር ሆነ። በ50 ቢሰላ 1,000 ነበር። መጀመሪያ ያደረግነው የጎረቤታችንን እቁብ መመለስ ነው። እናንተ ውሳኔው ባይጥማችሁ ወደ ሰርኪውት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ 30 ቀን ነው ያለው።

ሕክምናው ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሐኪምህን ራስህ መምረጥ ትችላለህ። ኢንሹራንሱ ወደ እኛ ሐኪም ሂድ ሲል የሕክምናህን ሐኪም ቀይር ማለቱ አይደለም፤ እሱ የሚልክህ ሊመረምርህና ሪፖርት ሊጽፍ ነው። መሄድ አለብህ፣ ግን እዚያ የምትሄደው ልትታከም እንዳልሆነ ይግባህ። እኔን ያየኝ ሰውዬ አስር ደቂቃ አልፈጀም። ስትሄዱ የምትችሉትንም የማትችሉትንም እኩል ተናገሩ። አታጋንኑ፣ አታሳንሱም። የእኛ ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ማሳነሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት የተመላለሳችሁበትን ማይል ጻፉ፣ ይከፈላል። እኔ የመኪናው ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀምጬ ነበር።

ኦገስት ላይ ሜኒስከሱን፣ ጉልበት ውስጥ ያለውን ለስላሳ አጥንት፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። ዲሴምበር ላይ ሐኪሙ ቀላል ሥራ ፈቀደልኝ። ቫሌት አልችልም፣ ሆቴሉ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቷል። አንድ ዘመድ ጋራዥ ውስጥ ካሸር አስቀጠረኝ፣ በሳምንት 620 ዶላር። ሰው ሥራ ጀመርክ፣ ካሳው ተቋረጠ ይላል። ሙሉው ይቋረጣል፣ ግን ገቢህ በጉዳቱ ምክንያት ከቀነሰ የልዩነቱ ግማሽ ይከፈልሃል። ከ1,020 እስከ 620 ልዩነቱ 400 ነው፣ ግማሹ 200። በየሳምንቱ 200 ዶላር እስኪሻለኝ ድረስ መጣ። ይህን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፣ ራሳችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻልህም የሚልበት ቀን ይመጣል። ያኔ ቋሚ ጉዳት ይገመታል። ሜሪላንድ ውስጥ እግር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የ300 ሳምንት ክፍያ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የእኔ ሐኪም 26 ከመቶ አለ፣ የእነሱ 6 ከመቶ አለ፣ ኮሚሽኑ 15 ከመቶ ፈረደ። የ300 አስራ አምስት ከመቶ 45 ሳምንት ነው። ከ75 ሳምንት በታች የሆነ ፍርድ በመደበኛው ዝቅ ባለ ተመን ነው የሚከፈለው። ፋየርፋይተር ግን፣ ቮለንቲሩም ጭምር፣ ሕጉ ውስጥ የሕዝብ ደህንነት ሰራተኛ ተብሎ ስለሚቆጠር ከ75 በታች ቢሆንም ከዚያ ቀጥሎ ባለው ከፍ ያለ ተመን ይከፈለዋል። ፍርዱ ሲመጣ የተጻፈውን ተመን ከጠበቃችሁ ጋር ተያዩት። ደሞዝተኛው ብቻ ነው የሚመስለው፣ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ግሪን ካርዴ ላይ ችግር ይፈጥራል ወይ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የመንግሥት እርዳታ ተብሎ አይቆጠርም። ሰርተህ የተጎዳህበት ነው። በዚህ ፍርሃት ክሌም ያላስገባ ልጅ አውቃለሁ፣ ትከሻው እስከ ዛሬ አይነሳም።

ጉልበት ብቻም አይደለም። የልብና የሳንባ ሕመም፣ ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ ደግሞ የተወሰኑ የካንሰር ዓይነቶች፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከዚህ ሥራ እንደመጡ የሚገመትበት ሕግ አለ፣ ለቮለንቲርም። ጭስ ውስጥ የገባችሁበትን ቀን ሁሉ መዝግባችሁ ያዙ። ፈጽሞ መስራት የማያስችል ጉዳት የደረሰበት ደግሞ የፌደራሉ የሕዝብ ደህንነት መኮንኖች ጥቅማ ጥቅም አለ፤ በ1976 ሲጀመር ለሞት ብቻ ነበር፣ በ1990 ቋሚ አካል ጉዳት ተጨመረበት፣ ቮለንቲር ፋየርፋይተርም ይካተታል። ኒው ዮርክ ያላችሁ የእናንተ ለየት ይላል፣ ለቮለንቲር ፋየርፋይተር ብቻ የወጣ ሕግ ነው፣ ማሳወቂያው 90 ቀን፣ ክሌሙ ሁለት ዓመት። የእኔን ቀኖች ለሌላ ግዛት አትጠቀሙባቸው።

እኔ አሁን ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ግን ጎማ ይዤ አልወርድም። አዲስ የሚገቡትን ልጆች ዕቃ አሳያለሁ፣ ሌሊት ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሲኖር ይደውሉልኛል፣ አስተረጉማለሁ።

የመጨረሻው ክፍያ የገባልኝ ኤፕሪል 2024 ነው። ጉዳቱ ከባሰ ፋይሉን ማስከፈት የሚቻለው ከመጨረሻው ክፍያ ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ኤፕሪል 2029 የሚል ወረቀት ፍሪጃችን ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ባለፈው ክረምት ጉልበቴ እንደገና ማበጥ ጀምሯል። ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ለጠበቃዬም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።